ግንቦት ላይ በ200 ሲሲ ሞተር ወደ አፋር፦ የጎማ አየር፣ ዘይት፣ ውሃና ሰዓት

ጥያቄ፦ «200 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ሳይክል አለኝ። ሁለት ጓደኞቼ በሌላ ተመሳሳይ ሞተር ተፈናጥጠው ይከተሉኛል። በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ከአዲስ አበባ ተነስተን በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርገን ሰመራ፣ ከዚያም አፍዴራ ደርሰን በአምስት ቀን ልንመለስ አስበናል። ጎሚስታው በሙቀቱ ጎማ እንዳይፈነዳ ከሁለቱም ስምንት ስምንት ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) አስተንፍስ ብሎኛል። መካኒኩ ደግሞ ወፍራም የመኪና ዘይት አድርግ አለኝ። ሙቀቱ ስለሚከብድ ጃኬቱን ትቼ በቲሸርት ልነዳ ነው። ለሦስታችን በቀን ስድስት ሊትር ውሃ ይዘን፣ 20 ሊትር ትርፍ ቤንዚን ከኋላ ብንጭን ይበቃናል?»

መልስ፦ አየሩን አያስተንፍሱ፣ የመኪና ዘይት አያስገቡ፣ በቲሸርት አይንዱ። ውሃው አይበቃም፤ ቤንዚኑ ደግሞ በዝቷል፣ ቦታውም ልክ አይደለም። ከሁሉም በፊት ግን ያልጠየቁኝ ነገር አለ፣ እሱም ወሩ ነው። በደንብ የተያዘ 200 ሲሲ ሞተር አፋርን ይችላል። ግንቦት ላይ ከቀትር በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታት የማይችሉት እናንተ ናችሁ።

የጎማው ምክር ብዙ ቦታ ስለሚሰማ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጎማን የሚያፈነዳው በአብዛኛው ከውጪ የሚመጣው ሙቀት ሳይሆን ጎማው ራሱ የሚያመነጨው ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ መልሶ ይዘረጋል። በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲያቃኑት እንደሚግለው ጎማውም ይግላል፤ ላስቲኩ ከክሩ ይላቀቃል፣ የውስጥ ጎማው እየተፋተገ ይሳሳል፣ መጨረሻ ላይ ይቀደዳል። ስምንት ፒኤስአይ ያስተነፈሰ ሰው ፍንዳታውን እየሸሸ ወደ ፍንዳታው ይጠጋል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ብዙዎች ልብ የማይሉት ሌላ ነገር አለ፤ ቁልቁለቱ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የውጪው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ነው። ሰመራ 400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚያ ግፊቱ 14 ይደርሳል። የጎማ መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ በ15 ዲግሪ ጠዋት 28 የሞሉት ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ሰመራ ሲደርስ 25 ባነበበ ነበር። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ግን የውስጡ ግፊት መልሶ ሦስት ፒኤስአይ ተኩል ያህል ይጨምራል። ውጤቱ 28 ተኩል ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱና ሙቀቱ ተካካሱ። የአፍዴራ ሐይቅ ከባህር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ እዚያ 27 ተኩል ያነባል። ጎሚስታዎ የፈራው ጭማሪ በዚህ መንገድ ላይ የለም ማለት ይቻላል። በእርሱ ምክር 20 አድርገው ቢነሱ ግን ጭነት ተሸክመው፣ ትኩስ አስፋልት ላይ፣ በ20 ፒኤስአይ ነው የሚነዱት።

ስለዚህ አየሩን በሞተሩ መመሪያ ላይ ወይም በካቴናው መሸፈኛ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ይሙሉ። ለዚህ ዓይነት ሞተር ብዙውን ጊዜ የፊቱ 25፣ የኋላው ለአንድ ሰው 28፣ ጭነት ሲኖር 32 አካባቢ ነው። የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ነድተው ቆመው ሲለኩት 10 በመቶ ያህል ጨምሮ ቢያገኙት ጤነኛ ነው፤ እንዳያስተነፍሱት። ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ ግን መነሻው አየር አንሷል ወይም ጭነቱ በዝቷል፤ መፍትሔውም በማግስቱ ጠዋት መሙላት ወይም ጭነት መቀነስ እንጂ በግለቱ መክፈት አይደለም። የጎማውን ዕድሜም ይዩ። ጎኑ ላይ ካሉት ፊደላት መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መደብር ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ብዙ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውንና በጥርሶቹ መካከል መሰነጣጠቅ የጀመረውን ጎማ ይዘው ወደ በረሃ አይውረዱ።

በአፋር መንገድ ጎማዎን በእርግጥ የሚያስቸግረው እሾህ ነው። ከአዋሽ በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያዩት አረንጓዴ ቁጥቋጦ ፕሮሶፒስ ይባላል፤ በአካባቢው «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉት ነው። እሾሁ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ የሞተር ጎማን በቀላሉ ይበሳል። ችግሩ በመንገዱ ላይ ጥላ ያለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ዛፍ ብቻ መሆኑ ነው። ጥላ ሲፈልጉ ሞተሩን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አቁመው በእግር ይግቡ እንጂ ሞተሩን ከዛፉ ሥር አያስገቡ፤ የወደቀው ቅርንጫፍ አሸዋ ስር ተቀብሮ አይታይም።

የውስጥ ጎማ ባለው ሞተር መያዝ ያለብዎት፦ ለፊትም ለኋላም አንዳንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ (የፊቱ ጎማ 21 ኢንች ከሆነ የፊቱ የውስጥ ጎማ በቸገረ ጊዜ ለኋላውም ይሠራል)፣ ሁለት ወይም ሦስት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የእጅ ፖምፓ፣ መለኪያ፣ መጣፊያና ማስቲሽ። የማስቲሹ ቱቦ ከተከፈተ የቆየ ከሆነ በሙቀት ደርቆ ስለሚጠብቅዎት ያልተከፈተ ይግዙ። ጎማው ሲበሳ የውስጥ ጎማውን አውጥቶ ከመቀየር በፊት የሚደረግ አንድ ሥራ አለ፤ የውጪውን ጎማ ውስጡን ዙሪያውን በጨርቅ መዳበስ። ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። በጣት አይዳብሱት፣ ይወጋል። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን የውስጥ ጎማ አስገብቶ አሥር ኪሎ ሜትር ሳይሄድ መልሶ ይቆማል። መጣፍ ካለብዎት ጎማውን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ያቀዝቅዙት፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፣ ማስቲሹን በስሱ ይቀቡ። በዚያ ሙቀት ማስቲሹ በአንድ ደቂቃ ገደማ ብልጭታው ጠፍቶ ይደርቃል፤ መጣፊያውን የሚለጥፉት ያኔ ነው። እርጥብ ላይ የተለጠፈ መጣፊያ ጎማው ሲግል ተንሸራቶ ይነሳል።

ወደ ዘይቱ። መካኒኩ ወፍራም ማለቱ መሠረት አለው፣ የመኪና ማለቱ ግን ስህተት ነው። በሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑም ማርሹም በአንድ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ብዙ የመኪና ዘይቶች ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ አይደርስም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። የሚገዙት ጣሳ ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2) የሚል ይፈልጉ፤ ዘይቱ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። መመሪያው ከፈቀደ ውፍረቱ 20ደብልዩ-50 (20W-50) የሆነው ለዚያ ሙቀት ተስማሚ ነው። ዘይቱን ከመነሳትዎ በፊት ይቀይሩ፣ ሲመለሱም ይቀይሩ። ትንሽ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር ቢያቃጥል ሲሦው ሊሄድ ምን ቀረው? ለዚህ ነው ደረጃውን በየጠዋቱ፣ ሞተሩን በማዕከላዊ መቆሚያው ቀጥ አድርጎ ማየት ያለብዎት፤ በጎን መቆሚያው አዘንብሎ የታየ ዘይት ይዋሻል። አንድ ሊትር ትርፍ ይያዙ።

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የሚቀዘቅዘው ሲሄድ ነው። ኬላ ላይ ወይም ከከባድ መኪና ሰልፍ ኋላ ሲቆሙ ያጥፉት፤ ሥራ ፈት ቆሞ እንዲንተገተግ አይተዉት። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር አየር የሚያገኘው ከቆመው በትንሽ ይሻላል፤ ያኔ ማርሽ ቀንሶ ማስጨነቅ ሳይሆን ጋዝ መቀነስ ይሻላል። ፍጥነቱ 60 እስከ 70 ይሁን። ቆመው የጋለ ሲሊንደር ላይ ውሃ አይድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃውም ለሌላ ያስፈልግዎታል።

ካርቡሬተሩን በተመለከተ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ጄቱን (ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ባለ ቀዳዳ ናስ) በጠባብ የቀየረልዎት ሰው አለ? ለከፍታው ቀጭን አየር ይህ ትክክል ነው። ሰመራ ላይ ግን፣ ሙቀቱ ራሱ አየሩን ቢያሳሳውም፣ አየሩ ከአዲስ አበባው 15 በመቶ ያህል ይወፍራል። ጠባቡ ጄት የሚሰጠው ቤንዚን ለዚያ አየር ያንሳል፣ ቤንዚን ያነሰው ቃጠሎ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ምልክቱ ካንዴላው ነጭ መሆኑ፣ ጋዝ ሲለቁ በማርሚታው መተኮሱና ጋዙ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ መድከሙ ነው። መፍትሔው ፋብሪካው ያስገባውን ጄት መመለስ ነው፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። ምንም ካልተቀየረ አይንኩት። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ጥቁር የነበረው ካንዴላ ቆላ ሲወርዱ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

የአየር ፊልትሮውን በየማታው ይክፈቱ። ስፖንጅ ከሆነ በላምባ አጥበው፣ ጨምቀው፣ አድርቀው፣ በፊልትሮ ዘይት ወይም ቢቸግር በሞተር ዘይት በስሱ ነክረው ይመልሱ። ወረቀት ከሆነ መታ መታ አድርጎ ማራገፍ ብቻ ነው። ካቴናውን ይቀቡ፣ ግን ቅባት አያብዙበት፣ አቧራ ይሰበስባል። ባትሪው ፈሳሽ የሚጨመርበት ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት የተጣራ ውሃ ይሙሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ቲሸርት ለብሶ በሙቅ ነፋስ መንዳት የሚያቀዘቅዝ የሚመስለው ደጋ ላይ ስለምንኖር ነው። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ በታች እስከሆነ ድረስ ነፋስ ሙቀት ይወስድልናል። አየሩ 40 ሲሆን ግን ያው ነፋስ ሙቀት ያመጣብናል፣ ልክ እንጀራ ምጣድ ፊት ቆሞ ማራገቢያ እንደማስነሳት። የሚያድነን ላብ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ብቻ ነው። በ70 ኪሎ ሜትር ነፋስ ላቡ ቆዳው ላይ ሳይቆይ ይበናል፤ ደረቅ ስለሆኑ ያልቦት ይመስልዎታል፣ በእርግጥ ግን በሰዓት እስከ አንድ ሊትር እያጡ ነው። ስለዚህ ከ35 ዲግሪ በላይ ጃኬቱ ይዘጋል። ከውስጥ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ካናቴራ በውሃ ነክረው ይልበሱ፣ አንገት ላይ እርጥብ ፎጣ ወይም ነጠላ ጠምጥመው ጫፎቹን ጃኬት ውስጥ ይክተቱ፣ የእጅጌውን ጫፍ ብቻ ትንሽ ይክፈቱ። የሚገባው ቀጭን አየር እርጥቡን ቀስ ብሎ ያተናል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ እንደገና ይነከራል። ጓንትና ቡት አይወልቁም። ቀትር ላይ የአስፋልቱ ገጽ 60 ዲግሪ ስለሚደርስ ቢወድቁ መላጥ ብቻ ሳይሆን መቃጠልም አለ።

ለሦስት ሰው ስድስት ሊትር ማለት ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ነው። በሰዓት አንድ ሊትር ከጠፋ ይህ የሁለት ሰዓት ውሃ ነው። በዚያ ወር ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር የሚጠጣ ያስቡ፤ ልብስ ለመንከር የሚያስፈልገው ሌላ ነው፣ እሱ ንጹሕ መሆን የለበትም። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያና ሰመራ ላይ የታሸገ ውሃ ስለሚገኝ በየመካከሉ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ተጭኖ በየከተማው ቢሞላ ይበቃል። ከሰርዶ ወደ አፍዴራ ሲታጠፉ ግን ለአንድ ሰው 10 ሊትር ተሞልቶ ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ባዶ መንገድ ነው። (ሰርዶ በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳት ከተማ ናት፤ የዛሬዋ ሰርዶ ትንሽ መንደር ስለሆነች ሱቅ አገኛለሁ ብለው አይተማመኑባት።) ፕላስቲኩን በእርጥብ ካልሲ አልብሰው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ቢያስሩት ውሃው ይበርዳል። ባይበርድም ይጠጡ፤ የሞቀ ውሃ አይጣፍጥም እንጂ ሥራውን ይሠራል።

ውሃ ብቻ መጋት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በላብ ጨው ይወጣል፤ ያለ ጨው ብዙ ሊትር የጠጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዘዋል፣ ውሃ ያነሰው መስሎት ሲጨምር ደግሞ ይብስበታል። ከየሦስት ሊትሩ አንዱ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ይሁን። ፓኬቱ ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ፤ ከግማሽ ማንኪያው ጨው በላይ አይጨምሩ። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ አይጠጡ፣ ሆድ አይቀበለውም። ሽንት ጥቁር ቢጫ ከሆነ ወይም ከጠዋት እስከ ቀትር ካልመጣ ወደ ኋላ ቀርተዋል።

ጫት በዚህ ጉዞ ላይ አይቃም። በመንገዱ ላይ ያሉት ሾፌሮች ስለሚቅሙ የተለመደ ይመስላል፤ ጫት ግን የሰውነት ሙቀትን ያነሳል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ጥማትና ድካምን ይደብቃል። ድካሙን ያልተሰማው ሰው ማቆም ያለበትን ሰዓት አልፎ ይነዳል። ኃይል ሰጪ የሚባሉት መጠጦችም ያው ናቸው። ጠዋት አንድ ስኒ ቡና አይከፋም።

የሙቀት ሕመም ሁለት ደረጃ አለው፣ ልዩነቱን ሦስታችሁም ማወቅ አለባችሁ። የመጀመሪያው ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር ቁርጠት፣ ብዙ ላብና የገረጣ ፊት ነው። ጥላ፣ ልብስ ማላላት፣ እግር ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ፤ የዚያ ቀን መንዳት ግን አበቃ። ሁለተኛው ሰውየው ሲቀባጥር፣ መንገድ ሲጠፋው፣ ቀላል ጥያቄ መመለስ ሲያቅተው ወይም ሲወድቅ ነው። ላብ መኖሩ አያታልላችሁ፣ ሊኖር ይችላል። ይህ ሞት የሚያስከትል ነውና ጭኖ ከመሮጥ በፊት ማቀዝቀዝ ይቀድማል። ልብሱን አውልቁ፣ ያለውን ውሃ ሁሉ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ አፍስሱ፣ በካርቶን አራግቡ። እየቀባጠረ ሳለ በአፉ ምንም አትስጡ። ከዚያ ሰው አስቁማችሁ በመኪና ወደ ሕክምና፤ በሰመራ አካባቢ ትልቁ አማራጭ የዱብቲ ሆስፒታል ነው። በሞተር አፈናጥጦ መውሰድ አይታሰብም። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚመጣ ትኩሳት ደግሞ የሙቀት ቅሪት አይደለም፤ አካባቢው ወባ ስላለበት ደም ይመርመሩ።

ስለ ጭነቱ። 20 ሊትር ቤንዚን ከነጀሪካኑ 16 ኪሎ ይሆናል። ከኋላው ጎማ ኋላ ከፍ ብሎ ሲታሰር የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ መሪው በ70 መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሲወድቁ ደግሞ ጀሪካኑ ከጋለው ማርሚታ ጋር ይገናኛል። ደግሞም አያስፈልግም። ተጭኖ በሊትር 28 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 12 ሊትር ታንከር ካለው 300 ኪሎ ሜትር ይደፍራል። ከአዲስ አበባ አዋሽ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዋሽ ሰመራ 370 ገደማ ነው። ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን ማደያው ቤንዚን አለው የለውም የሚለው ስለሆነ፣ ታንከሩ ግማሽ በደረሰ ቁጥር ባገኙበት ይቅዱ እንጂ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ለትርፍ አምስት ሊትር ለቤንዚን በተሠራ ጀሪካን፣ በጎን ቦርሳው ከታች፣ ከማርሚታው ተቃራኒ በኩል ይቀመጥ፤ ለጀሪካን የመቅጃ ፈቃድ ነገር ከመነሳትዎ በፊት ይጠየቅ። በውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን አይያዝም። ታንከሩንም በጠዋቱ ቅዝቃዜ እስከ አፉ አይሙሉ። ቤንዚን በ25 ዲግሪ ልዩነት ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ይሰፋል፣ ከ12 ሊትር 300 ሚሊ ሊትሩ ፀሐይ ላይ በቆመ ሞተር ላይ ይፈሳል። ሞተሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ እየተንገዳገደ ከጠፋ የታንከሩን ክዳን ከፍተው ይዝጉ። «ፍስ» ብሎ አየር ከሳበና ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል።

ሁለት ሰው በአንድ 200 ሲሲ ላይ የሚለው ዕቅድ ግን አይሆንም። የዚህ ዓይነት ሞተር የጭነት አቅም አብዛኛውን ጊዜ 150 ኪሎ አካባቢ ነው። 70 እና 65 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ከነሄልሜትና ጃኬታቸው እሱን ይሞላሉ፤ የሰርዶው 20 ሊትር ውሃ የት ሊቀመጥ ነው? ሦስተኛው ሰው ወይ የራሱን ሞተር ይዞ ይምጣ፣ ወይ በአውቶቡስ ሰመራ ይጠብቃችሁ።

መንገዱ አስፋልት ነው፣ ነገር ግን የጅቡቲ ከባድ መኪኖች መንገድ ነው። በክብደታቸው አስፋልቱ በሙቀት ለስልሶ ቦይ ይሠራል፤ የሞተር ጎማ ቦዩ ውስጥ ከገባ ቀስ ብለው ይውጡ፣ መሪ በድንገት አይጠምዝዙ። ሲያቆሙ ከጎን መቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የተጨፈለቀ ጣሳ ያድርጉ፤ አለበለዚያ መቆሚያው ቀስ ብሎ አስፋልቱ ውስጥ ሰምጦ ሞተሩ ይወድቃል። ማታ አይነዳም። ግመልና ፍየል ሲመሽ አስፋልቱ ላይ ይወጣሉ፤ ግመል ደግሞ እግሩ ረጅም ስለሆነ የሞተር መብራት ከሆዱ በታች አልፎ ይሄዳል። ከብት ከተገጨ ጉዳዩ ከባለቤቱና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በቦታው ያልቃል፤ ሸሽቶ መሄድ ኋላ ለሚመጣው ሁሉ ጠንቅ ነው። አፋሮች ሲገናኙ ዜና የሚለዋወጡበት ዳጉ የሚባል ሥርዓት አላቸው። በየሻይ ቤቱ ቁጭ ብለው ከፊት ያለው መንገድ እንዴት እንዳደረ ይጠይቁ፣ እርስዎም ያዩትን ይንገሩ። የትኛው ደረቅ ወንዝ በደጋ ዝናብ እንደሞላ፣ የትኛው ኬላ እንደተዘጋ ከዚያ የተሻለ ምንጭ አያገኙም። የጸጥታውን ሁኔታ በየጠዋቱ ከፖሊስ ጠይቀው ይነሱ፤ ከሰመራ ወደ አፍዴራ ለመውረድም ሰመራ ላይ ፈቃድና የአካባቢ መሪ ያስፈልግ እንደሆነ ያጣሩ። አፍዴራ ደርሰው ነጭ የጨው ቅርፊት ላይ ሞተር አያስገቡ። ከላይ ደረቅ ነው፣ ከታች ጭቃ ነው። ሲመለሱ ሞተሩን ጨው በሌለው ውሃ ይጠቡት፤ ጨው ካቴናና ሽቦ ይበላል።

ምክሬ ይህ ነው። ጉዞውን ከህዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ጊዜ ያድርጉት። ያኔ ቀኑ በ20ዎቹ መጨረሻና በ30ዎቹ መጀመሪያ ይውላል፣ ሌሊቱም ያስተኛል። ግንቦት ላይ ቀኑ 40ን ያልፋል፣ ሌሊቱም ስለማይበርድ ሰውነት ሳያርፍ ያድራል፤ ሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው የሚከፋው ለዚህ ነው። ቀኑን መቀየር ካልቻሉ አፍዴራን ይተዉት፣ ሰመራ ላይ ይመለሱ። የመጀመሪያው ቀን አዋሽ ይደሩ። ሁለተኛው ቀን ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ይነሱ፣ በየ45 ደቂቃው ቆመው ይጠጡ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ የትም ይሁኑ የት ባለችው ቅርብ ከተማ ያቁሙ። እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይተኙ፣ ከዚያ እስከ 12 ሰዓት ይንዱ። በዚህ አካሄድ ሚሌ ላይ ሊመሽባችሁ ይችላል፤ ሚሌ እደሩ። ጠዋት ሲነሱ ከሦስታችሁ አንዱ ቁርስ አልበላም ካለ፣ ራሱን ካመመው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከዚያ ወደ ታች አትወርዱም። ጤነኛ እስኪሆን ጥላ ውስጥ ውሎ፣ በመኪና ወደ አዋሽ ይመለስ፤ ሞተሩ ከባድ መኪና ላይ ይጫናል።